ባትሪዬን ሌሊት ማን በላው?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለሾፌሮችና ለመኪና ባለቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳቀርበው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ጠዋት ስገባ ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች አየሁ። ሦስቱ አፍንጫቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ነው የቆሙት። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ፍሬኑን ለቆ በማርሽ ለማስነሳት ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ድረስ የማውቃቸው ስንት ሾፌሮች አሉ፣ ማታ ሲያቆሙ ከጥበቃው በፊት ቁልቁለት የሚፈልጉ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። «ባትሪዬ አያድርልኝም» የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። አብዛኛው ሰው ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ልግዛ» ይላል። ይገዛል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር በደስታ ይነዳል። ከዚያ አንድ ጠዋት ተመልሶ ይመጣና «የዘንድሮ ባትሪ ደግሞ ምን ነካው?» ይላል። ባትሪውን ምንም አልነካውም። የመጀመሪያውን የበላው ነገር ሁለተኛውንም በላው እንጂ። በቀን ሥራ የሚተዳደር የሚኒባስ ሾፌር በዓመት ሁለት ጊዜ ባትሪ ሲገዛ ሳይ ያንገበግበኛል። ያ ገንዘብ የልጆቹ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ሳትለኩ አትግዙ።

ማታ የሞላ እንስራ ጠዋት ጎድሎ ብታገኙት ምን ትጠረጥራላችሁ? ወይ እንስራው ራሱ ተሰንጥቋል። ወይ ማታ የሞላ መስሏችሁ እንጂ አልሞላም። ወይ ሌሊት የጠጣ አለ። ባትሪም እንደዚሁ ነው። ባትሪው ራሱ አርጅቷል፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ አይሞላውም፣ ወይም መኪናው ቆሞ የሚጠጣው ነገር አለ። ሦስቱንም በአንድ ተራ ቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መለየት ይቻላል። ይቺ በእጄ የያዝኳት ቴስተር ውድ አይደለችም። ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር አትወዳደርም።

ከእንስራው እንጀምር። የቤት መኪና ባትሪ ባለ 12 ቮልት ይባላል እንጂ በውስጡ ስድስት ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ነው የሚያሳየው። «አርፎ» ያልኩትን ልብ በሉ። ገና ከመንዳት እንደተመለሳችሁ ብትለኩት ይዋሻል፤ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ማታ አቁሙት፣ ጠዋት ቁልፍ ሳታዞሩ ለኩት። 12.4 ካለ ሦስት አራተኛ ገደማ አለው። 12.2 ካለ ግማሹ አልቋል። 12 ላይ ከደረሰ ሩብ ያህል ነው የቀረው። እዩት እንግዲህ፣ በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት ያነሰ ነው። «12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው» ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ካለ ባትሪያችሁ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው እየነገራችሁ ነው።

ይህን ባትሪ እዩት። ትናንት ሙሉ ሌሊት ቻርጅ አድርገነዋል። አሁን ስለካው 10.5 ነው የሚለው። ለምን ይመስላችሁዋል? ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል። 12.6 ላይ 2.1 ቀንሱ። ይሄ እንስራ ተሰንጥቋል፤ ምንም ቻርጅ አያድነውም። እንዲህ ዓይነቱን ቀይሩት፣ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሃይድሮሜትር የየሴሉን አሲድ ክብደት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ መለካት ይቻላል። ሞልቶ ሳለ ወደ 1.265 ይጠጋል። አምስቱ ተመሳሳይ ሆነው አንዱ በጣም ወርዶ ከተገኘ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሌላው ፈተና ሞተር ሲነሳ ነው። ቴስተሩን ባትሪው ላይ እንደያዛችሁ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሞተሪኖው ሲስብ ቮልቱ ይወርዳል፤ መውረዱ ያለ ነው። ሞልቶ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን አቅሙ አልቋል። በማርቆስና በእንጅባራ ብርድ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ጠዋት ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይከብዳል፣ ባትሪው ውስጥ ያለውም ኬሚካል ይዘገያል። ቀን ላይ ምንም ያልሆነ ባትሪ ንጋት ላይ እንቢ ይላል። ሰው ብርዱ ገደለው ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው፤ ብርዱ የሚያደርገው የተጎዳውን ማሳየት ነው። አባይ በረሃን በየቀኑ የሚወርድና የሚወጣ መኪና ባትሪው ቶሎ ቢያረጅ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ መሙላቱ። ሞተሩን አስነሱና እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ሞተሩ እየሠራ 12.3 የሚል ከሆነና እየወረደ ከሄደ ዲናሞው አይሞላም፤ የምትነዱት ከባትሪው እየተበደራችሁ ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ እየሞላ ነው። ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ያልቃል፣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል። የባትሪ ውሃ በየሳምንቱ የሚጨምር ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ይለካ። እግረ መንገዴን፣ ለባትሪ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም፣ ሃይላንድም አይሆንም። አሲድማ በፍጹም አትጨምሩ። ከባትሪው የሚያልቀው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ዲናሞው አልሞላም ሲባል ወዲያው ዲናሞ አትፍቱ። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ እዩ። በክረምት ጠዋት ሲነሳ «ጺይይ» የሚል ከሆነ ይንሸራተታል። ቀጥሎ የባትሪውን ራሶች እዩ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም፤ ሲሞላም ሲሰጥም ያንቃል። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀባል። ስትፈቱ ኔጌቲቩን፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ራስ፣ አስቀድሙ። ስታስሩ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ፖዘቲቩን እየፈታችሁ የመፍቻ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ኔጌቲቩ ተፈትቶ ከሆነ ምንም አይፈጠርም። ካልተፈታ ግን እሳት ነው። ቁልፉ ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ሲጋራም ብልጭታም አጠገቡ አይቅረብ።

አንድ ልማድ አለ፣ እሱን ዛሬ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ራስ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ማለት። አባቶቻችን በድሮዎቹ መኪኖች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ዛሬ ግን መኪናው ውስጥ ኮምፒውተር አለ። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት በቅጽበት ይዘልላል። ያ ዝላይ ኮምፒውተሩንም በዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶችም (ምን እንደሆኑ በኋላ እነግራችኋለሁ) ያቃጥላል። ደህና የነበረ መኪና ለምርመራ ገብቶ በሽተኛ ሆኖ ይወጣል። ቴስተሩ ሁለት ሽቦ በማስነካት ብቻ ይነግራችሁ የለ? ምን አስቸኮላችሁ?

ሦስተኛው፣ ሌሊት የሚጠጣው፣ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

የፍኖተ ሰላም ሾፌር ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል። በአሥር ወር ሦስተኛ ባትሪው ነበር። መጨረሻ ላይ ሲሰለቸው በየማታው ባለ 10 ቁልፍ ይዞ ኔጌቲቩን ፈትቶ ይተኛ ነበር። ጠዋት መልሶ ያስራል። ሲፈታው ይነሳል፣ ሳይፈታው ከተኛ አይነሳም። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ባትሪው ደህና ነው፤ የሚጠጣው ነገር መኪናው ውስጥ ነው። እሱ ግን ጋራዥ በሄደ ቁጥር የሚነግሩት «ባትሪው ነው» ነበር።

ማታ መጣ። ኔጌቲቩን ፈትቼ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ቴስተሩን በአምፔር አስገባሁት። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር የለም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። በሮቹ ከተዘጉ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን። አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተራቸው እስኪተኛ ጊዜ ይፈልጋሉ። ደህና መኪና ተኝቶ የሚጠጣው ከ50 ሚሊአምፔር በታች ነው፣ ማለትም 0.05 አምፔር። የእሱ 2.6 ነበር! ባትሪው 70 አምፔር ሰዓት ነው፤ አንድ አምፔር ቢጠጣ 70 ሰዓት ያህል ይቆያል እንደማለት ነው። ከምሽት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ብንል 28 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በየሌሊቱ አርባ በመቶው።

ፊውዞችን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የራዲዮው ወጣ፤ 2.6። የመብራቱ ወጣ፤ 2.6። ክላክሱ፣ ዋይፐሩ፣ ሁሉም ወጡ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። መሸብን። ኔጌቲቩን አስረን መኪናውን እዚያው ጋራዥ አሳደርነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ነሐሴ ነው፣ ጉም ነው፣ እጅ ይቆረጥማል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩን ነካሁት፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ራዲያተሩም እንደዚያው። ከዚያ እጄን ዲናሞው ላይ አሳረፍኩ። ለብ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ከቆመ መኪና ላይ አንድ ብረት ብቻ ሞቆ! ሾፌሩን ጠራሁትና እጁን ይዤ አስነካሁት። ትንሽ ዝም አለና «ይሄ ነው ሲጠጣኝ የከረመው?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲናሞ ውስጥ ዳዮድ የሚባሉ አሉ። ኤሌክትሪኩን ከዲናሞ ወደ ባትሪ ያሳልፋሉ፣ ተመልሶ እንዳይፈስ ይዘጋሉ። እንደ አንድ አቅጣጫ በር አስቧቸው። አንዱ ሲበላሽ በሩ አይዘጋም፤ ሞተሩ ሲቆም ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ደግሞ በአብዛኛው ከትንንሾቹ ፊውዞች ጋር አይገናኝም። ለዚህ ነው ፊውዝ ብነቅል ብነቅል ቁጥሩ ያልወረደው። ኔጌቲቩን ፈታሁ፣ ወፍራሙን ሽቦ ከዲናሞው ፈትቼ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ እንደገና ለካሁ። 0.03። ዳዮዶቹን ቀየርን። ባለ 10 ቁልፉን ከትራሱ ሥር አነሳ።

ዲናሞው ሞተር ሲሠራ በደንብ ይሞላ ነበር እኮ። አንድ ዳዮድ ተበላሽቶም ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ «ዲናሞው ይሞላል» ማለት «ዲናሞው ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ግን ሌባው ከዚህ ቀላል ነው። በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቁልፍ ሳይዞር እንዲሠራ ተደርጎ ቀጥታ ባትሪ ላይ የታሰረ ቴፕ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሠፈሩ ስልክ ሁሉ መኪናው ላይ ይሰካል። ጎረቤትን እንቢ በሉ አልልም፤ ሞተሩ ቆሞ ግን ሌሊቱን አይሰካ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጥቀስ።

አንዲት እህታችን ቪትዝ አላት። ሁሉም ተለክቶ ደህና ነው፣ ግን በየሁለት ሳምንቱ ባትሪው ይደክማል። «ከቤት ቢሮ ስንት ይርቃል?» አልኳት። «ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም» አለች። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ፣ መብራትና ራዲዮ በርቶ። ዲናሞው ለማስነሻ የወጣውን እንኳ ሳይመልስ ሞተሩ ይጠፋል። መኪናው አልታመመም፤ ጉዞው ነው ያጠረው። ዕድሉ ሲኖር በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ትንዳው፣ ካልሆነ በወር አንዴ ባትሪውን በቻርጀር ታስሞላው። መንገድ ተዘግቶ ሳምንታት ለሚቆም መኪናም ምክሬ ይኸው ነው፤ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ አስቀምጡ። ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ እርሳሱ ላይ ጠጣር ነገር ይጋገርበታል። ሲቆይ ያ ግግር አይለቅም፤ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አይዝም። የጎደለውን ባትሪ ከመንዳት ይልቅ ባዶውን ማቆየት ይጎዳዋል።

ሌላው የአይሱዙ ሾፌር ነው። «ሁለት ባትሪ አብሬ ገዛሁ፣ ሁልጊዜ የሚሞተው አንዱ ብቻ ነው» አለ። ይህን ስሰማ ገና ቴፑን ነበር ያሰብኩት። የእሱ መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች አንዱ ከሌላው ተቀጥለው። ቴፑ ግን 12 ቮልት ስለሆነ አንድ ሰው ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ሽቦ ስቦ አሰረለት። ያ ባትሪ ለቴፑም ለመኪናውም ይሠራል፣ ጓደኛው ለመኪናው ብቻ። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። 28 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ የጎደለው አይሞላም፣ የሞላው ይፈላል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይጎዳሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አለ፤ ትንሽ ሣጥን ናት። ቴፑን በእሷ በኩል ስጡት።

ስለ አይሱዙ ካነሳን አይቀር፣ የቤት መኪናችሁ መንገድ ላይ ስትቆም በኬብል ሊያስነሳችሁ የሚመጣው መጀመሪያ አይሱዙ ነው። ልቡ ደግ ነው፣ ግን 24 ቮልቱን በ12 መኪና ላይ አታስሩ። 12 ቮልት ያለው መኪና ጠብቁ። ስታስሩም የመጨረሻውን ኔጌቲቭ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉት። ብልጭታው ከጋዙ ይራቅ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ግቢ ወጣን። ከቁልቁለቱ መኪኖች አንዱ የአንድ ጋሼ ሃይሉክስ ነበር፣ ከኋላ ቤት የተሠራለት። «እስቲ የኔን እየው ልጄ» አሉኝ። ባትሪው 11.9 ነበር። ቴስተሩን በአምፔር አስገባነው። የተከፈተው በር መብራት እንዳያሳስተን የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍተን ዘጋነው። ጠበቅን። 0.45። ሁለት ወጣቶች ፊውዝ መንቀል ጀመሩ። አራተኛው ሲነቀል ቁጥሩ 0.03 ሆነ። የውስጥ መብራት ፊውዝ ነበር። ካቢናው ውስጥ ያለው መብራት ግን ጠፍቷል።

«ከኋላስ መብራት አለ?» አልኳቸው። «ድሮ አስገጥሜ ነበር። ማብሪያው ዝጎ አይሠራም» አሉ። ከኋላ ከብቸና ያመጡት ጤፍ ተጭኗል። ፊውዙን መልሰን ሁለት ጆንያ አነሳን። ከጥግ፣ ከሦስተኛው ጆንያ ሥር፣ አንዲት አምፖል በርታለች። የጆንያው ክር በብርሃኗ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማብሪያው የዛገው በርቶ እያለ ነው። 5 ዋት ገደማ ናት። ቀንና ሌሊት ስትበራ በ24 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ያህል ትጠጣለች።

አምፖሏን ነቅለን ሰጠናቸው። 11.9 ላይ ያለ ባትሪ ሊያድር ስለማይገባው እሱንም ፈትተን ቻርጅ ወደሚደረግበት ቤት ላክነው፤ 60 አምፔር ሰዓት ስለሆነ በ6 አምፔር፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ነገ ጠዋት።